የተማሪዎች የበጎ ፈቃድ ጉዞ በወንፈል ሥርዓት ይሁን

ግልጽ ደብዳቤ

ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሴኔትና አስተዳደር፣
ለምሥራቅ ጎጃም ዞን የትምህርትና የጤና መምሪያዎች፣
በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎችን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ለሚያስቡ የውጭ ሀገር ዩኒቨርሲቲዎች

ጉዳዩ፦ የውጭ ሀገር ተማሪዎች በጎጃም ደጋ፣ የጎጃም ተማሪዎችም በውጭ ሀገር የሚሰጡት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በእኩል የመሄድና የመምጣት ውል ላይ እንዲመሠረት ስለመጠየቅ

ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃድ ፕሮጀክት የሚባለው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዕረፍቱ ጊዜ፣ ወይም ትምህርቱን ለወራት አቋርጦ፣ ወደ ሌላ ሀገር በመሄድ ያለ ደመወዝ በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በአካባቢ ጥበቃ ወይም በመሰል ሥራ የሚሰማራበት ዝግጅት ነው። ዝግጅቱን የሚያሰናዱት አንዳንድ ጊዜ መንግሥታት፣ አንዳንድ ጊዜም ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ሲሆኑ፣ ከተማሪው ክፍያ እየተቀበሉ የሚያገለግልበትን ቦታ የሚፈልጉለት አገናኝ ድርጅቶችም በርካታ ናቸው። በዚህ በመጨረሻው ዓይነት ተማሪው የአውሮፕላን ቲኬቱን ብቻ ሳይሆን የሚረዳውን ሰው ጭምር በገንዘቡ የገዛ ያህል ስለሚሆን ነገሩ ከአገልግሎት ይልቅ ወደ ጉብኝት ያደላል፤ በውጭው ዓለም የበጎ ፈቃድን ስም ከቱሪዝም ጋር ያጣመረ «ቮለንቱሪዝም» የሚል መጠሪያ የወጣለትም ከዚህ የተነሣ ነው።

ደብዳቤው የሚጻፈው መንገዱ በተዘጋበት ወቅት ነው። በተለምዶ ፒስ ኮር የሚባለው የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞቹን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከመላው ዓለም ሲጠራ በኢትዮጵያ የነበሩትም ወጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ተከትለው መጥተው፣ እንኳን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ተማሪ የአካባቢው ልጅ ራሱ በቀዬው ተረጋግቶ የሚማርበት ቀን ብርቅ ሆኗል። ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸው በተዘጋበት ጊዜ ስለ ውጭ ሀገር በጎ ፈቃደኞች መጻፍ የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ መንገድ በተከፈተ ማግስት በመጀመሪያ የሚደርሰው አገናኙ፣ ዘግይቶ የሚደርሰው ደንቡ እንደሆነ በሌሎች ሀገሮች ስለታየ፣ ደንቡን በጥድፊያ ሰዓት ከመጻፍ አሁን በመጠበቂያው ጊዜ በእርጋታ መጻፉ ይሻላል። ግጭቱ ሲያበቃ ጎጃም የሚያስፈልገው ብዙ ነገር ይኖራል፤ ችግረኛ የሆነ አካባቢ ደግሞ የመጣለትን ሁሉ ለመቀበል ይገደዳል፤ የመምረጥ አቅሙ የሚጠበቅለት አስቀድሞ የተጻፈ ውል ካለው ብቻ ነው።

የውሉን መሠረት ከሩቅ ሀገር መበደር አያስፈልግም፤ የጎጃም ገበሬ ሥራ የሚጋራበት የራሱ ሥርዓት አለውና። ወንፈል ሁለት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ገበሬዎች ጉልበታቸውንና በሬያቸውን አቀናጅተው ዛሬ በአንዱ ማሳ፣ ነገ በሌላው ማሳ ተራ እየገቡ የሚሠሩበት የመበዳደር ሥርዓት ሲሆን፣ ደቦ ደግሞ ባለ ማሳው እንጀራና ጠላ አሰናድቶ ብዙ ሰው በመጥራት ሰፊውን ሥራ በአንድ ቀን የሚያስጨርስበት ነው። በደቦ የተጠራ ሰው ውለታው የሚመለስለት እርሱም በተራው ሲጠራ ነው፤ በወንፈል ግን ቀን በቀን፣ ጥማድ በጥማድ ይቆጠራል፤ ተራውን ያልመለሰ ሰውም በሚቀጥለው ዓመት የሚያቀናጀው አያገኝም። በሁለቱም ዘንድ የሥራውን ዓይነትና ቀን የሚወስነው ባለ ማሳው ነው። ያልተጠራ ሰው ዘሎ ወደ ሌላው ጤፍ አይገባም፤ ገብቶ ቢያርም እንኳ እንክርዳዱን ከቡቃያው የሚለይለት ከሌለ የሚነቅለው ጤፉን ይሆናልና። የዚህ ደብዳቤ ጥያቄ በአጭሩ ይኸው ነው፤ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በወንፈል ይመራ፣ ማለትም ሥራውን ባለ ማሳው ይምረጠው፣ የመጣው ሰው ልክ የሄደም ሰው ይኑር፣ ተራውም ይቆጠር።

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ለሌላ የሚተርፍ ልምድ ያላት ሀገር ናት። የ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ሲከፈት ከ270 በላይ የሚሆኑ የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ አባላት ከአዲስ አበባ ተነሥተው ደብረ ማርቆስን ጨምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ተበታተኑ። አብዛኞቹ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጡ ወጣቶች ነበሩ፤ በዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አንድ ክረምት አማርኛና ስለ ሀገሪቱ አንዳንድ ነገር ተምረው የመጡ፣ የሚቆዩትም ሁለት ዓመት ነበር። ከመካከላቸው በወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር እስከመሆን ደርሷል። መንግሥት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በፍጥነት እያስፋፋ በነበረበትና ዲግሪ ያለው መምህር እጅግ ጥቂት በሆነበት ወቅት የእነዚህ ወጣቶች መምጣት ለብዙ ክፍሎች መምህር አስገኝቷል፤ ይህን ውለታ መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሥራው የተሳካው በሦስት ምክንያት ነበር፤ የጠየቀው አስተናጋጁ ሀገር ነበር፣ ቆይታው አንድ ትውልድ ተማሪ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሸጋገር ለማየት ይበቃ ነበር፣ ሰዎቹም ጥቂትም ቢሆን ቋንቋ ተምረው መጥተዋል። ጉድለቱ በሌላ በኩል ነበር፤ መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ስለነበር ከአሜሪካ ወደ ደብረ ማርቆስ መምህር ሲመጣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አሜሪካ ትምህርት ቤት የሚሄድ አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በ1961 ዓ.ም. ሰልፍ ሲወጡ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ የሰላም ጓድ ከሀገር ይውጣ የሚል ነበር። ጥያቄው ከዘመኑ ፖለቲካ ጋር የተጣበቀ ቢሆንም፣ ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ የሚቀር ወጣት በሰጪው ላይ ቅሬታ እንደሚያድርበት ያሳያል፤ ቅሬታውም ከግለሰቦቹ ደግነት ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

በዚያው ዘመን የሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን መልስ ሰጥቶ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ማንኛውም የዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር፤ አብዛኞቹም የሄዱት ለማስተማር ነው። ለብዙዎቹ ያ ዓመት ገበሬውን በቅርብ ያዩበት የመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን፣ ስለ መሬትና ስለ ድህነት የሚያስቡትን ነገር ለውጦባቸው ተመልሰዋል። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ሠራተኛ ተማሪዎችን በአንድ ቡድን አደራጅቶ ወደ ጤና ጣቢያዎች እየላከ ያሠለጥን ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ማዝመቱ ይታወሳል፤ ይሁን እንጂ በትእዛዝ የተደረገ ዘመቻ ስለነበረ፣ በፈቃድ ከሚደረግ አገልግሎት ጋር አንድ አድርጎ መመልከት አይገባም። ከእነዚህ ሁሉ የሚወሰደው ቁም ነገር፣ ተማሪን ወደማያውቀው ማኅበረሰብ ልኮ በአገልግሎት ማስተማር ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች እንግዳ ነገር አለመሆኑና የውጭ ተማሪ ሲመጣም ወደዚህ ነባር መስመር መግባት እንጂ ለብቻው አዲስ መስመር መቅደድ እንደማያስፈልገው ነው።

የውጭ በጎ ፈቃደኛ በኢትዮጵያ ምድር ከሁሉ የላቀ ፍሬ ያፈራበት ሥራ ምናልባት ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ሳይሆን አይቀርም። ዘመቻው በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር ኢትዮጵያ በሽታው በብርቱ ከተሠራጨባቸው የመጨረሻዎቹ ሀገሮች አንዷ ነበረች። የአሜሪካ፣ የጃፓንና የኦስትሪያ በጎ ፈቃደኞች ከኢትዮጵያውያን የአካባቢ ጤና ሠራተኞችና ክትባት ሰጪዎች ጋር ሆነው፣ መኪና በማይገባበት ደጋና ቆላ በእግርና በበቅሎ ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ የታመመ ሰው የት እንዳለ እየጠየቁ፣ በታመመው ሰው ዙሪያ ያለውን ሁሉ ይከትቡ ነበር። በሀገሪቱ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ፈንጣጣ አልታየም። በዚህ ሥራ የውጭው ሰው ድርሻ በልክ የተቆረጠ ነበር፤ የሚሠራው በጥቂት ቀን ሥልጠና የሚለመድ አንድ ግልጽ ሥራ ነው፣ አጠገቡ ሁልጊዜ የሀገሩን ቋንቋና ልማድ የሚያውቅ ባልደረባ አለ፣ የሥራው ውጤትም በፎቶግራፍ ሳይሆን በበሽተኞች ቁጥር መቀነስ ይለካል። በደጋው ሕዝብ ዘንድ ከቁስሉ ተወስዶ የሚደረግ ባህላዊ የፈንጣጣ ክትባት ይታወቅ ስለነበርና አዲሱን መርፌ የማይቀበል ሰው ብዙ ስለነበር፣ ሽማግሌና ካህን ሳያነጋግሩ መርፌ ይዞ መግባት እንደማያዋጣ ባልደረቦቹ ባያስተምሯቸው ኖሮ በጎ ፈቃደኞቹ ባዶ እጃቸውን በተመለሱ ነበር።

የኦስትሪያ ተወላጁ አሳቢ ኢቫን ኢሊች እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ለክረምት አገልግሎት ለተሰባሰቡ የሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ባደረገው ንግግር፣ የሚረዱትን ሕዝብ ቋንቋ እንኳ የማያውቁ ወጣቶች ረዳት ነን ብለው መምጣታቸውን በብርቱ ነቅፎ፣ መምጣታቸው ካልቀረ እንደ ተማሪ ሆነው ይምጡ የሚል ምክር ሰጥቷል። ንግግሩ በምዕራቡ ዓለም ዛሬም እንደ ድፍረት ይነገርለታል። ለጎጃም ግን ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤዎች ተማሪው ከሩቅ ሀገር እየመጣ፣ የለበሰው ደበሎ፣ የያዘው አኩፋዳ ሆኖ፣ ቀን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ በየደጁም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ባገኘው ቁራሽ ያድራል። የቆሎ ተማሪ የሚባለው ይህ ወጣት ለመንደሩ እንግዳ ነው፤ ነገር ግን መንደሩን ላሻሽል ብሎ አልመጣም። የመጣው ለመማር ስለሆነ መንደሩ በላዩ ላይ ሥልጣን አለው፤ ይመግበዋል፣ ይቆጣዋል፣ ሲታመም ያስታምመዋል። እርሱም በአቅሙ ለየኔታ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፤ ለሚያውቀው ሕፃን ፊደል ያስቆጥራል። የአገልግሎቱ ክብር ከተማሪነቱ የሚመነጭ ነው። የውጭ ሀገር ተማሪ በጎጃም ሊቀበለው የሚገባው ማዕረግ ይህ ከሆነ፣ ረዳት የሚለው ስም ከመጀመሪያው ወረቀት ላይ ወጥቶ ተማሪ በሚለው ቢተካ ብዙ ነገር ይስተካከላል፤ ተማሪ መምህር ያስፈልገዋልና፣ መምህሩ ማን እንደሆነ በውሉ መጻፍ ግድ ይሆናል።

እንደ ተማሪ የመጣ የውጭ ሰው በዚህ ምድር ምን ሊሠራ እንደሚችል የአላን ሆበን ሥራ ይመሰክራል። ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገና ወጣት ተመራማሪ ሳለ በጎጃም ወደሚገኘው ደጋ ዳሞት ሄዶ ከገበሬዎች ጋር በመኖር ርስት እንዴት እንደሚወረስ፣ እንዴት እንደሚከፋፈልና እንዴት ክርክር እንደሚነሣበት ከራሳቸው ከባለ ርስቶቹ አጠና፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው መጽሐፉም ስለ አማራ የመሬት ይዞታ ለሚጽፍ ሁሉ እስከ ዛሬ መነሻ ነው። ርስት ማለት ከአንድ አቅኚ አባት በዘር በመወለድ የሚገኝ መሬት የመጠየቅ መብት ሲሆን፣ ይህን መብት አውቆ መከራከር የአዋቂ ሰው ሙያ ነበር። ሆበን ይህን ሙያ ለመማር ጊዜ ስለሰጠ ያገኘውን አገኘ።

በተቃራኒው ወረቀት ይዞ ለመለካት ብቻ የሚመጣ ሰው በጎጃም ምን ትዝታ እንደሚቀሰቅስ የማያውቅ ላኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ለችግር ይዳርገዋል። በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ገማቾች ወደ ማሳ ሲሰማሩ፣ ግምቱ ርስትን ለመንጠቅ የሚደረግ ልኬታ ነው ብሎ የሰጋው ገበሬ በሞጣ፣ በብቸናና በደጋ ዳሞት አምፆ፣ መንግሥት ጦር ልኮ ካየው በኋላ ጠቅላይ ገዥውን እስከማንሣትና ውዝፉን ግብር እስከመማር ደርሷል። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግም እያንዳንዱ ሰው ስለ ይዞታው የተመዘገበው ቃል ማን መሬት እንደሚያገኝ፣ ማንስ የቀድሞው ሥርዓት ሹም ነበር በሚል «ቢሮክራት» ተብሎ እንደሚቀነስበት ወስኗል። ስንት ጥማድ መሬት አለህ፣ ስንት በሬ፣ ስንት ልጅ የሚል መጠይቅ ለአንድ ወጣት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ማሟያ ሊሆን ይችላል፤ ለሚጠየቀው አባወራ ግን ሦስት መንግሥት ያሳለፈ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛ የሚሰበስበው ማንኛውም መረጃ በዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይመረመር፣ ውጤቱም በአማርኛ ተጽፎ ለሰጪው ቀበሌ ሳይመለስ መውሰድ እንዳይቻል ሴኔቱ በግልጽ ሊደነግግ ይገባል። ግጭት ባለበት አካባቢ የሰዎች ስምና የይዞታቸው ዝርዝር በእንግዳ ላፕቶፕ ውስጥ መቀመጡ ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ፣ በዚህ ነጥብ ላይ መለሳለስ አይገባም።

ላኪ ዩኒቨርሲቲዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ፣ ነገር ግን ሲታሰብ የማይታይ ሌላ ጉዳይ የቀን መቁጠሪያው ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ተማሪ ረጅሙ ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይውላል፤ ለአጭር ጊዜ የሚደረጉት የበጎ ፈቃድ ጉዞዎች በእነዚህ ወራት የሚበዙትም ለዚህ ነው። በጎጃም ደጋ ግን ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የጨሞጋና የሙጋ ወንዞች ሞልተው፣ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ሆኖ፣ ገበሬው በእርሻ፣ በዘርና በአረም ፋታ የሚያጣበት ወቅት ነው። ጎተራው የሚጎድለውም ያኔ ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል ወደ ማለቁ፣ አዲሱ ገና በማሳ ነውና። የነሐሴ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ደግሞ የፍልሰታ ጾም ናቸው። ሊያስተምር የመጣው ወጣት የሚያስተምረው ክፍል አያገኝም፤ የሚያርፍበት ቤት ግን እንግዳን ጦም ማሳደር ነውር ስለሆነ ለልጆቹ ያስቀመጠውን ያቀርብለታል። ይህ በማንም ክፋት የሚደርስ ጉዳት አይደለም፤ የሁለት ሀገሮች የቀን መቁጠሪያ ባለመመሳከሩ የሚደርስ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ አገልግሎቱ በመስከረም ተጀምሮ ቢያንስ አንድ የትምህርት መንፈቅ እንዲዘልቅ፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲም ይህን መንፈቅ ለተማሪው እንደ ትምህርት ቆጥሮ ማርክ እንዲሰጠው ማድረግ። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ዩኒቨርሲቲ ጉዞውን ለራሱ ተማሪ ዕረፍት እንጂ ለጎጃም ጥቅም አላሰበውም ማለት ነው።

ስለ ሕፃናትና ስለ ሕመምተኞች ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ስለ ሕፃናት መብት ባሳለፈው ውሳኔ በሕፃናት ማሳደጊያ የሚደረግ በጎ ፈቃደኝነትና ጉብኝት የሚያስከትለውን ጉዳት አንሥቶ መንግሥታት እንዲከላከሉት አሳስቧል፤ ኢትዮጵያም በ2010 ዓ.ም. የውጭ ሀገር ጉዲፈቻን በሕግ ከልክላለች። በየወሩ የሚለዋወጥ እንግዳ ሲወድና ሲለይ የሚያድግ ሕፃን የሚደርስበት የልብ ስብራት ስለታወቀ፣ ማሳደጊያዎች ከውሉ ሙሉ በሙሉ ሊወጡ ይገባል። እንዲሁም በሀገሩ ሐኪም ቤት መርፌ እንዲይዝ ያልተፈቀደለት ተማሪ በደብረ ማርቆስም ሆነ በገጠር ጤና ጣቢያ ሊይዝ አይገባም። ይህ ደንብ ልዩ ሁኔታ የሚባል ነገር ሊኖረው አይችልም።

ታዲያ የሚቀረው ሥራ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ የሚቀረው ሥራ ብዙ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የብሪታንያው የበጎ ፈቃድ ድርጅት ቪ.ኤስ.ኦ. የላካቸው ልምድ ያላቸው መምህራን በኢትዮጵያ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ከፍተኛ ዲፕሎማ በመባል የሚታወቀውን የመምህራን ማሠልጠኛ ፕሮግራም መርተው፣ ፕሮግራሙ በሂደት በኢትዮጵያውያን እጅ ገብቶ ቀጥሏል፤ በጎ አርአያ የሚሆነውም እንግዳው ሲሄድ ሥራው አብሮት አለመሄዱ ነው። ተማሪ የሆነ በጎ ፈቃደኛ መምህራንን ሊያሠለጥን አይችልም። ነገር ግን በእኩዮቹ መካከል እኩያ ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ የእንግሊዝኛ የውይይት ክበብ ሊያግዝ፣ ለቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት ዝርዝር ሊያዘጋጅ፣ ከአፈር ሳይንስ ተማሪዎች ጋር የደጋውን አሲዳማ አፈር ናሙና ሊወስድና በኖራ መታከሙ ያመጣውን ለውጥ ሊከታተል ይችላል። የጮቄ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ለዓባይ ብዙ ገባሮችን የሚያፈልቅ፣ ጅብራና አስታ የሚበቅልበት፣ ነገር ግን እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ እየገፋበት ያለ ምድር ነው፤ በተራራው የሚገኘው የጮቄ ኢኮ መንደር እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ መመረጡም የሚታወቅ ነው። እዚያ የምንጭ ፍሰት በየወሩ መመዝገብ፣ የተተከለው ችግኝ ስንቱ እንደጸደቀ ከዓመት በኋላ ተመልሶ መቁጠር ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ የማያስጨበጭብ፣ ግን ጠቃሚ ሥራ ነው። በየክረምቱ ወደ ቀዬአቸው የሚመለሱ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ሲያስጠኑ፣ የአረጋውያንን ቤት ሲጠግኑና ችግኝ ሲተክሉ ቆይተዋል፤ የውጭው ተማሪ ከእነርሱ ጋር ተጣምሮ፣ አንድ ለአንድ ሆኖ፣ የሚመራውም የሀገሩ ተማሪ ሆኖ ቢሠራ ሁለቱም ይማራሉ። ለቋንቋና ለባህል ዝግጅቱም በዩኒቨርሲቲው የሚገኘው በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመው የባህል ጥናት ተቋም ተገቢው ቤት ነው፤ ጎዛምን ተወልደው በቅኔ ቤት ያደጉት ደራሲ ስም ያለበት ተቋም እንግዳ ተማሪን ቢቀበል የሚያምር ነገር ይሆናል።

አሁን ወደ ወንፈሉ ሁለተኛ ግማሽ ይደረሳል፤ ለሴኔቱ የሚቀርበው ዋነኛ ጥያቄም ይህ ነው። ከውጭ አሥር ተማሪዎች ሲመጡ ከደብረ ማርቆስ ስንት ይሄዳሉ? ቪዛው ከባድ ነው፣ ቲኬቱ ውድ ነው የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም በቂ አይደለም፤ ለራሱ ተማሪ ወጪ ማፈላለግ የቻለ ላኪ ዩኒቨርሲቲ ለወንፈል ባልደረባው የግብዣ ደብዳቤ መጻፍና ወጪ መጋራት አያቅተውምና። ኢትዮጵያዊ ወጣት ለሌላው ዓለም የሚሰጠው ነገር የለውም የሚል ያልተነገረ ግምት ካለም መታረም አለበት። የኢቦላ ወረርሽኝ ምዕራብ አፍሪካን ባስጨነቀበት በ2007 ዓ.ም. ከ180 በላይ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች በፈቃዳቸው፣ በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር፣ ሌሎች በሚሸሹበት ወቅት ወደ ላይቤሪያና ወደ ሴራሊዮን ሄደዋል። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት በ2002 ዓ.ም. ባቋቋመው የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ አፍሪካውያን በሌላ የአፍሪካ ሀገር ለአንድ ዓመት ያገለግላሉ፤ ይህን በር የሚያውቁ የጎጃም ተመራቂዎች ግን ጥቂቶች ናቸው።

ከጎጃም ተማሪ በቀር በቀላሉ የማይገኝ ሙያም አለ። በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት፣ በለንደንና በፓሪስ፣ እጅግ ብዙ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ በጀርመን ሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከልም የኢትዮጵያን ኢንሳይክሎፔዲያ በአምስት ጥራዝ ያሳተመ ነው። ልጅነቱን በቅኔ ቤት አሳልፎ፣ የግእዙን አገባብ ከየኔታ አፍ ተምሮ፣ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት በደብረ ማርቆስ አይታጣም፤ እንዲህ ያለው ተማሪ በእነዚያ ቤተ መጻሕፍት ለአንድ መንፈቅ ቢያገለግል፣ በዳር የተጻፈውን የስጦታ ቃል፣ የመሬት ውልና የባለቤት ስም አንብቦ መጽሐፉ ከየትኛው ደብር እንደወጣ ለመለየት የሚሰጠው እርዳታ እንግዳው በጎጃም ከሚያደርገው ጋር በሚገባ ይመጣጠናል። ጥማድ በጥማድ የሚቆጠር ወንፈል ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ የሚጠየቀው ውል ዝርዝሩ ሰፊ ቢሆንም ጭብጡ ጠባብ ነው። ሥራው በጽሑፍ የሚጠየቀው በአስተናጋጁ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ቀበሌ ሲሆን፣ ላኪው በራሱ የሥራ ዝርዝር ይዞ አይመጣም፤ ቆይታው ከአንድ መንፈቅ አያንስም፤ የመጀመሪያው ወር ለአማርኛ ይውላል፤ ለአስተናጋጅ ቤተሰብ የሚከፈለው ገንዘብ በአገናኝ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ለእማወራዋ ይደርሳል፤ ፎቶግራፍ ያለ ፈቃድ አይነሣም፤ ተመጣጣኝ ቁጥር ያላቸው የደብረ ማርቆስ ተማሪዎች በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ካልሄዱ ውሉ አይታደስም። አገናኝ ድርጅት የሚገባበት ሁኔታ ካለም በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት መመዝገቡ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

የውሉ ረቂቅ በመጀመሪያ በአማርኛ ይጻፍ፤ እንግሊዝኛው ከእርሱ ይመለስ። ከዚያም ሴኔቱ ከማጽደቁ በፊት፣ አጨዳውና ውቂያው ካለቀ በኋላ በጥር ወር፣ በሲናን፣ በጎዛምንና በማቻክል ወረዳዎች እንግዳ ሊያርፍባቸው በሚታሰቡት ቀበሌዎች በስብሰባ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ሴቶቹም እንግዳውን የሚያበሉት እነርሱ ናቸውና አስቀድመው ይናገሩ፤ አንቀበልም ያለ ቀበሌ ቢኖር እምቢታው ያለ ምክንያት ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብለት።